ከሊሾው ሥር የነበረ አማና

ወንድሜ የደወለልኝ ለአሰሪዎቼ የከሰዓቱን ሻይ ላቀርብ ስል ነው። ትሪውን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«እማ ወድቃለች» አለኝ።

«የት?»

«ደጃችን፣ ሊሾው ላይ። ያ የሰመጠው ጥግ። ለዙህር ልትታጠብ ስትወጣ አዳለጣት። ወልድያ ወስጃት ዳሌዋ ነው አሉ።»

ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሊሾ የእኔ ነበር። የቆቦ ጥቁር አፈር በክረምት እግር ሲይዝ ለሚያውቅ ሰው፣ ግቢን ሲሚንቶ ማልበስ ቅንጦት አይደለም። አባቴ ግን አልፈለገውም ነበር። «አፈሩ ምን አደረገን?» ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ አንገራገረብኝ። በስልክ ወጥሬ ይዤ፣ ለምኜ፣ አስለምኜ አሠራሁት። በአራተኛው ክረምት አንዱ ጥግ ሰመጠ፤ እናቴም እዚያው ጥግ ላይ ወደቀች።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ እናቴ ዳሌ አይደለም። እሷ አልሐምዱሊላህ ድና በእግሯ ሄዳለች። የምጽፈው ያንን ጥግ አስተካክላለሁ ብዬ የአባቴን ስም ምን እንዳደረግሁት ነው።

ዘሐራ እባላለሁ። ያኔ ሻርጃ ውስጥ በአንድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ነበር። ጠንቃቃ ናት ይሉኛል፤ እውነትም ነኝ። ጨው በማንኪያ ለክቼ ነው የምጨምረው። የሰው ዕቃ ሳልጠይቅ አልነካም፣ ሳልጠየቅም አልናገርም። ሶላቴን ከወቅቱ አላሳልፍም። እውነቱን ልናገርና፣ ጥንቃቄዬን ራሱን እንደ ዒባዳ፣ እንደ አምልኮ ነበር የምቆጥረው።

እናቴ ከመውደቋ ጥቂት ወራት በፊት የአሰሪዎቼ መዋኛ ዳር ያለው ኮንክሪት ሰምጦ ሠራተኞች መጥተው ነበር። ያፈርሱታል ብዬ ስጠብቅ፣ ጣት የምታክል ቀዳዳ በሱት፤ በቀዳዳዋ ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ቀላቅለው በቱቦ ላኩበት። ፈሳሹ ከሥር ሆኖ እንደ ሊጥ ኩፍ አለና ያንን ሁሉ ድንጋይ ወደ ላይ ገፋው። ወዲያው ደረቀ። አንድ መኪና የማያነሳውን ነገር አረፋ ሲያነሳው ቆሜ አየሁ። የእናቴን ወሬ በሰማሁ ማግስት ከሠራተኞቹ መካከል ያሉትን ሽማግሌ ፈልጌ አገኘኋቸው። የፓኪስታን፣ የፔሻዋር ሰው ናቸው፤ በተሰባበረ ዓረብኛ ነው የምንግባባው። ያለ ማሽን፣ በእጅ ተቀላቅሎ የሚፈስስም እንዳለ ነገሩኝ።

«ልጄ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ አታፍስሺ» አሉኝ። «በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። ደግሞ ከማፍሰስሽ በፊት ከሥር ምን እንዳለ የቤቱን ሽማግሌ ጠይቂ።»

ሁለቱንም በደብተሬ ጻፍኩ። ሁለቱን ጀሪካን ከዕቃዬ ጋር በካርጎ ልኬ፣ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ይዤ መጋቢት መጨረሻ ላይ ቆቦ ገባሁ።

እናቴ ሮቢት፣ እህቷ ቤት ነበረች፤ ወንድሜም አብሯት ነበር። ሐኪሙ በምርኩዝ እንድትሄድ ፈቅዶላታል፤ ግን ሜዳ በሆነ ቦታ ብቻ። «ደጄን ሳላይ እንዳትሄጂ» አለችኝ እጄን ይዛ። ስለዚህ ፈቃዴ ሳያልቅ ወለሉ መስተካከል ነበረበት።

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ለማያውቅ አንባቢ አንድ ልማድ ልንገር። በራያ ቆላ ማሽላ ጉድጓድ ይቆፈርለታል። አፉ አንድ ሰው እንደምንም የሚያስገባ ጠባብ፣ ሆዱ ግን እንደ እንስራ ሰፊ ነው። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናል፣ በጭቃና በእበት ይለሰናል፣ ከላዩ አገዳ ይከመርበታል። ቦታውን የሚያውቀው አባወራው ነው። እኛ ቤት ጉድጓድ ሲከፈት ሴትና ልጅ ወደ ጎረቤት ይላክ ነበር። ወጥታ በሌላ አገር የምትኖር ልጅ ደግሞ «አባ፣ ጉድጓዱ የት ነው?» ብላ ከጠየቀች እህል ልትቆጥር እንደመጣች ነው የሚታይባት። ከዚያ የባሰ ብልግና የለም።

ልጅ ሳለሁ ጉድጓድ እንደነበረን አውቃለሁ። በስንት ዓመቴ ተመልሼ መጥቼ፣ ገና ሻንጣዬ ሳይፈታ፣ ያንን ልጠይቅ አልቻልኩም። ዙሪያውን ሄድኩ።

«አባ፣ ሊሾው ሲሠራ ከሥሩ ምን ነበር?» አልኩት ራት ላይ።

ጉርሻውን አላምጦ ጨረሰ። «ምድር ነዋ» አለ። «ምድር የያዘውን አላህ ያውቃል።»

እኔም አሚን አልኩ። ለምን እንደጠየቅሁት አልነገርኩትም። በማግስቱ ለለቅሶ ወደ ዋጃ ሊሄድ ነበር፤ ሲመለስ ወለሉ ተስተካክሎ እንዲያገኘው ነበር ምኞቴ። በልቤም «ጠይቂ ተብዬ ጠይቄያለሁ» ብዬ በደብተሬ ላይ ምልክት አደረግሁ።

ሊሾውን የሠራው ግንበኛ ጋሽ ጌታቸው ነበር፤ እሱኑ ጠራሁት። ድሪሉን ተሸክሞ መጣና ጀሪካኖቹን ዞሮ ዞሮ አያቸው።

«ኧረ እህትዓለም፣ ሠላሳ ዓመት በሲሚንቶ ስኖር በአረፋ ቤት የሚያነሳ አላየሁም። ሳሙና ነው ያመጣሽልን?»

«ታያለህ ጋሼ።»

«ላየው ነው እንጂ የመጣሁት። ሠርቶ ካየሁማ ወይ ከአንቺ ጋር ዓረብ አገር ነኝ፣ ወይ ገዳም እገባለሁ።»

በመዶሻው እጀታ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር መታው። በሰመጠው ጥግ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ እንደ ባዶ ጋን አስተጋባ። ጋሽ ጌታቸው ጆሮውን አስጠጋ።

«ሆዱ ባዶ ነው» አለ። «የአፈር መሸሽ ብቻ አይመስለኝም።»

«ጎርፍ አጥቦት ይሆናላ።»

«ይሆናል። ብቻ ይህን ስሠራ አባትሽ እዚህ ጋ አቁም፣ ወደ አገዳው እንዳታልፍ አሉኝ። ለምን አላልኩም፤ የሰው ጓዳ ነው።»

«የከብት መኖ የሚከምሩበት ቦታ ስለሆነ ነው» አልኩት። ወዲያው መለስኩለት። አሁን ሳስበው፣ ያን ያህል ፈጥኜ የመለስኩት እኔም ለምን ማለት ስላልፈለግሁ ነው።

ስድስት ቀዳዳ በሳን። ሁለቱን ፈሳሽ በባልዲ እኩል ለክቼ በእንጨት አማሰልኩ፤ ቀለሙ ቅቤ ሲመስል ቢስሚላህ ብዬ በማንቆርቆሪያ አፈሰስኩ። ዝም ብሎ ገባ። የሽማግሌውን ምክር አልረሳሁም፤ በአንዱና በሌላው መካከል ሱብሃነላህ መቶ ጊዜ እስክል እቆይ ነበር። ሁለተኛውም ገባ። ሦስተኛውም። ወለሉ ንቅንቅ አላለም።

«ምድር ጠማው መሰለኝ» አለ ጋሽ ጌታቸው።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ቀኑን ቆጠርኩ፤ እናቴን ቆጠርኩ። ሁለቱንም ጀሪካን አሟጠጥኩ።

ከመጨረሻው በኋላ ወለሉ ቋ የሚል ድምፅ አሰማ። ከግድግዳው ጋር የነበረው ስንጥቅ ቀስ እያለ ሲጠብ አየነው። ጋሽ ጌታቸው ውሃ ልኩን አስቀምጦ በሆዱ ተኛና ዓይኑን ከመስታወቱ ላይ አልነቅል አለ። ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ ነበር።

«ምን ተፈጠረ፣ አንተ ጌታቸው? ምን ያስተኛሃል በጠራራ?»

«ነይና እዪ። ምድር እየተነሳ ነው።»

ዞራ ገባች። ወለሉ ልክ መሆኑን ስታይ እልልታዋን አቀለጠችው። «እሰይ የእኔ ልጅ። እናትሽ አሁን መጣች ማለት ነው» ብላ ሳመችኝ።

«እንጀራዬን ቀማችኝ፣ በማርያም» አለ ጋሽ ጌታቸው እየሳቀ።

እነሱ ሲሳሳቁ እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ ወደ ቂብላ ዞሬ፣ እዚያው ሊሾ ላይ የምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። ግንባሬ የነካው ሲሚንቶ ይሞቅ ነበር። የፀሐይ ሙቀት መስሎኝ ረዘም አድርጌ ተደፋሁ። ከአገዳው ክምር በኩል የተቆላ እህል የሚመስል፣ ግን የሚያንቅ ሽታ ይመጣል። አረፋው ሲደርቅ ነው አልኩ።

አባቴ ነገ ከነገ ወዲያ ይመለሳል ስንል በዚያው ቀን አስር ሰዓት ላይ በሚኒባስ መጣ። በምሥራቅ በኩል ተራራው ላይ ደመና ስላየ ለቅሶውን አቋርጦ ነው የተነሳው። የሚያዝያ ዝናብ ሊገባ ነበር፤ እንደ ጅጉርቴ ያለው ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ደግሞ በዚያ ዝናብ ካልተዘራ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው።

ከበሩ ገባና ወለሉን አየ። ቆመ።

«ተስተካክሏል» አለ።

«ተስተካከለ አባ። እማ ነገ ትምጣ።»

«ምን አስገባሽበት?»

«አረፋ ነው። ፈሳሽ ሆኖ ይገባና አብጦ ይደርቃል። ድንጋይ ነው የሚሆነው።»

«ምን ያህል?»

«ሁለቱንም ጀሪካን።»

አባቴ ኩታውን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ወደ አገዳው ክምር ሄዶ አገዳውን በጭብጥ በጭብጥ እያነሳ ይጥል ጀመር። ጋሽ ጌታቸው ሊያግዘው ተነሳ። እትዬ ተዋበች ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር። የመጨረሻው አገዳ ሲነሳ የተለሰነ ክብ ነገር ታየ፤ የጉድጓድ አፍ ነበር።

ልስኑን በዶማ ሰብሮ ድንጋዩን ሲያንከባልለው ሙቀት ወጣ፤ ያ የሚያንቅ ሽታም ተከትሎት። «ወደ ኋላ» አለን፤ እስኪናፈስ ጠበቅን። ከዚያ ጎንበስ ብለን አየን። የጉድጓዱ አንገት በቢጫ አረፋ ተደፍኖ፣ ማሽላው እንደ ሰሊጥ ተጣብቆበታል። የጉድጓዱ ሆድ እስከ ሰመጠው ጥግ ሥር ይደርስ ኖሯል። አባቴ አረፋውን ከላይ ሰብሮ ረጅም እንጨት ላይ ቅል አስሮ ወደ ውስጥ ሰደደ። ካወጣው እህል በመዳፌ ላይ አደረገልኝ። እንደ ትኩስ ቆሎ ነበር።

«አባ፣ የእኛ ነው?»

«የእኛማ በሆነ» አለ። «የአምስት ቤት ዘር ነው። አምና ጎርፍ ጉድጓዳቸው ገብቶ አበላሸባቸው፤ የተረፋቸውን ይህን ጅጉርቴ ብቻ አጥበው አድርቀው ለእኔ ሰጡኝ። ቦታውን ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብተውኝ። አማና ነው፤ አደራ።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት። አሁንም ይህን ማለቴ ያሳፍረኛል።

አባቴ አልተቆጣም። «ለምን ብለሽ እንደምትጠይቂ አልነገርሽኝም» አለ። ከዚያም ቅሉን እያነሳ፣ «እኔም አልጠየቅሁሽም» አለ።

ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጠም። ቅሉ ሊደርስበት ከቻለው ጥልቅ ቦታ እህል አወጣ። አርባ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሳህን ላይ አኖረ። ከበቀለ የታችኛው ዘር ተርፏል ማለት ነው። ውሃ የመርጨቱን ነገር ለእኔ ተወልኝ። ከየሶላቱ በኋላ ጨርቁን አርጥቤ ዱዓ አደርጋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም፤ ለእናቴ ዳሌ እንኳ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ዘነበ። ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ «አልሐምዱሊላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባባላል፤ ልጆች በጎርፉ ይራጫሉ። እኔና አባቴ ከውስጥ ሆነን የጣሪያውን ድምፅ እንሰማለን። «መልካም ዝናብ ነው» አለ። ዝናብ ስሰማ የከፋኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ከሱብሂ በኋላ ጨርቁን ፈታው። ከአርባው ሁለት ፍሬ ተሰንጥቀው ክር የምታክል ሥር አውጥተዋል፤ የሥራቸው ጫፍ ግን ጠቁሯል። ሌሎቹ አብጠው ሸትተዋል። አባቴ ጨርቁን መልሶ አጠፈው፤ ቀስ ብሎ፣ በአራት ማዕዘን። ጋሽ ጌታቸውን አስጠርቶ ያየውን እንዳይናገር አስማለው። ሲምል ደግሞ ጋሽ ጌታቸው ያለቅስ ነበር።

ረፋዱ ላይ ባለ አማናዎቹ ጆንያቸውን ይዘው መጡ። አባ ሁሴን ከፊት፣ እትዬ ተዋበች ከኋላ፣ ሌሎች ሦስት ሰዎች። እኔ በማግስቱ በራሪ ነበርኩ።

«አባ፣ እኔ ልንገራቸው» አልኩት።

«ከቤት እንዳትወጪ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አማናውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የሚጠየቀው የተቀበለ ነው። እናቷን ልትረዳ የመጣች ልጅ የአገር ዘር አቃጠለች ብለው ሲያወሩብሽ አልሰማም። ግቢ።»

ገባሁ። ከበሩ ኋላ ቆምኩ። በስንጥቁ አያቸዋለሁ፤ አምስቱም የቆሙት በዚያው ባቃናሁት ሊሾ ላይ ነው።

«ጀመዓ» አለ አባቴ፣ «አማናችሁ በእጄ ጠፍቷል።»

ከዚያ እትዬ ተዋበች፣ «ጠፋ ማለት ምንድነው ጋሽ እንድሪስ? ማሽላ እግር አለው?» አለች። አንዱ ሳቅ ብሎ ነበር፤ የአባቴን ፊት ሲያይ ተወው።

«ውሃ ገባበት?» አለ አባ ሁሴን።

«አልገባበትም።»

«ነቀዘ?»

«አልነቀዘም።»

«ታዲያ ጉድጓዱን ክፈትና እንየው።»

«አልከፍትም። ምትኩን ከዋጃም ከአላማጣም ፈልጌ አመጣላችኋለሁ።»

«ምትክማ ገበያ ሞልቷል» አለች እትዬ ተዋበች። «የእኔ ጅጉርቴ ከአባቴ የወረደ ነው። እሱን ከየት ታመጣልኛለህ? ምነው፣ ዋጋ ሲወደድ አይተህ ሸጥከው እንዴ?»

ያቺ ሴት ከአራት ቀን በፊት እልል ብላ የሳመችኝ ናት። ዘሯ ከእግሯ ሥር ሲቃጠል ነበር እልል ያለችው። አታውቅም።

አባ ሁሴን ወደ አባቴ ተጠጋ። «እንድሪስ፣ እኔና አንተ አብረን ነው ያረጀነው። ምክንያቱን ንገረኝ፤ ምንም ይሁን እቀበልሃለሁ።»

«ምክንያት የለኝም» አለ አባቴ።

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ሳብ ባደርገው ይከፈታል። አባትን መታዘዝ ግዴታ ነው እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ግን ልቤ የሚያስበው ሌላ ነው። የሚሉኝን ነበር የማስበው። የነገውን አውሮፕላን ነበር የማስበው። ለፍርሃቴ መታዘዝ ብዬ ስም አወጣሁለትና ቆምኩ። እነሱ ባዶ ጆንያቸውን አጥፈው ወጡ።

ጉድጓዱ ዳግመኛ አልተከፈተም። «ከቆፈርነው ወለሉ ይወርዳል፤ እናትሽ ትመጣበታለች» አለ አባቴ። ተለስኖ ተዘጋ። እናቴም መጣች፤ ዕድሜዋን ሙሉ በምርኩዟ በዚያ ላይ ሄደች። ወለሉ እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ አለ፤ የቆመው ግን በሰው ዘር ላይ ነው።

አባቴ በሬውን ሸጦ ምትክ ዘር አከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም አማና አላስቀመጠበትም። የተጣላ ሲታረቅ፣ ድንበር ሲለካ ይጠሩት ነበር፤ መጥራቱን ተዉ። በስልክ ስጠይቀው «ደኅና ነን፣ ወለሉም ደኅና ነው» ይለኛል። ከስምንት ዓመት በኋላ ሲሞት አልነበርኩም። ወንድሜ የቀብሩን ነገር ነገረኝ፤ «ሐቅ አለኝ የሚል ይናገር» ሲባል አባ ሁሴን፣ «የማሽላውን ነገር አፉ ብዬዋለሁ» አለ፤ ሌሎቹም ተከትለው አፉ፣ ይቅር አሉት።

«ደስ ይበልሽ እህቴ፣ ሁሉም አፉ አሉት» አለኝ ወንድሜ። እሱም እውነቱን አያውቅም። ከዚህ ነው የሚያነበው።

አንባቢዬ፣ ሰው ባልሠራው ጥፋት ይቅር ሲባል መስማት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ልገልጽልህ አልችልም። ያን ቀን ሁላችንም ጨዋዎች ነበርን። ጋሽ ጌታቸው የሰው ጓዳ አልጠይቅም አለ፤ አባቴ ቃሉን ጠበቀ፤ እኔ አባቴን አከበርኩ። እነሱ በጨዋነታቸው ምንም አላተረፉበትም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ከጨዋነቴ ጀርባ ተሸሸግሁ፤ አንዴ ከመጠየቅ፣ አንዴ ከመናገር። አሁን ስሰግድ ግንባሬ መሬት ሲነካ ይሞቀኛል። ከሥር ያለውን የማይጠይቅ ጥንቃቄ ጥንቃቄ እንዳልሆነ ለማወቅ ይህን ያህል መክፈል አልነበረብኝም፤ ደግሞም የከፈልኩት እኔ አይደለሁም።

ያን ረፋድ ደጃችን ላይ የቆማችሁ፣ አባ ሁሴን፣ እትዬ ተዋበች፣ ሌሎቻችሁም፣ በሕይወት ከሌላችሁ ልጆቻችሁ፦ ለአባቴ ያላችሁትን አፉ መልሳችሁ ውሰዱት። እሱ አይገባውም፤ አያስፈልገውም። ሐቃችሁ በእኔ ላይ ነው፤ ወደ እኔ አዙሩት፤ አፉ ማለቱ ቢከብዳችሁም አልቀየማችሁም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ከጁምዓ በኋላም ይሁን በገበያ ቀን፣ አንዳችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «እንድሪስ የሰው ዘር አልበላም» በሉልኝ።